የአይማውዝ ወደብ

ገበሬ ሰማዩን አይቶ በሬውን ይጠምዳል። ዓሣ አጥማጅም ሰማዩን አይቶ ጀልባውን ይፈታል። ሁለቱም የሚኖሩት በእጃቸው ሥራና በአየሩ ጠባይ ነው። ዝናብ ቢቀር ገበሬው ይራባል። ማዕበል ቢነሣ ዓሣ አጥማጁ ይራባል፤ አንዳንድ ጊዜም እንደ ወጣ ይቀራል።

በዛሬው ትምህርታችን በአሳብ ወደ ሩቅ አገር እንሄዳለን። የምንጎበኛት ከተማ አይማውዝ ትባላለች። አገሯ ስኮትላንድ ነው። ትንሽ ከተማ ናት፤ ታሪኳ ግን ትልቅ ነው። በዚህ ትምህርት ውስጥ የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አይማውዝ የት ናት?

ከአውሮፓ በስተ ሰሜን ምዕራብ አንዲት ትልቅ ደሴት አለች። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውኃ የተከበበ መሬት ማለት ነው። በዚህች ደሴት ላይ ሦስት አገሮች አሉ። በደቡብ እንግሊዝ፥ በምዕራብ ዌልስ፥ በሰሜን ስኮትላንድ። የስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤዲንበርግ ናት።

አይማውዝ ከኤዲንበርግ በስተ ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ወደ እንግሊዝ ድንበር የቀረበች ናት። ከኤዲንበርግ በባቡር ተነሥተን ሬስተን ከተባለች ትንሽ ጣቢያ እንወርዳለን። ይህች ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ተዘግታ ኖራ በ2022 እንደገና የተከፈተች ናት። ከዚያ በመኪና ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዝን ባሕሩ ይታየናል።

አይ የምትባል ትንሽ ወንዝ አለች። ወደ ባሕር የምትገባው በዚህች ከተማ በኩል ነው። አይማውዝ ማለትም «የአይ ወንዝ አፍ» ማለት ነው። በከተማይቱ የሚኖረው ሕዝብ ወደ 3,500 ይጠጋል።

ባሕሩና ወደቡ

ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ባሕር ሲባል ሐይቅ ይመስለዋል። ነገር ግን የብዙ ሐይቅ ማዶ ይታያል፤ የባሕር ማዶ አይታይም። ውኃውም ጨው ነውና አይጠጣም። በአይማውዝ ፊት ለፊት ያለው ባሕር የሰሜን ባሕር ይባላል። ቀዝቃዛ ነው፤ ቁጣውም ድንገተኛ ነው።

ይህ ባሕር ሌላም ጠባይ አለው። በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ያህልም ይጎድላል። ይህን የሚያደርገው በተለይ የጨረቃ ስበት ነው፤ የፀሐይም ስበት ያግዛል። ሙላቱ በሚበረታበት ቀን የውኃው ከፍታና ዝቅታ ልዩነት ከሁለት ሰው ቁመት አያንስም። ጠዋት ጀልባ የተንሳፈፈበት ስፍራ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ሆኖ ይገኛል።

ወደብ ማለት ጀልባና መርከብ ከማዕበል ተጠልለው የሚቆሙበት ስፍራ ነው። ለከብት በረት ማለት እንደሆነ ሁሉ ለጀልባም ወደብ እንደዚያ ነው። የአይማውዝ ወደብ ግን በድሮ ጊዜ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። መግቢያው ጠባብ ነበረ። ባሕሩ ሲጎድል ውኃው ስለሚያንስ ጀልባ እንደ ልቡ አይገባም ነበር። በመግቢያው ፊት ለፊት ደግሞ ሁርካር የሚባሉ ድንጋዮች ከባሕሩ ውስጥ ብቅ ብለው ይታያሉ። በረት አለ፤ በሩ ግን ጠባብ ነው፤ በበሩ ላይም እሾህ አለ እንደ ማለት ነው። ይህን ነገር እናስታውሰው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የሻይ ቤቱ ምሥጢር

ከወደቡ ማዶ አንድ ያማረ የድንጋይ ቤት ቆሞ ይታያል። ገንስግሪን ይባላል። በ1753 ያሠራው ጆን ኒዝቤት የተባለ ነጋዴ ነው። ኒዝቤት የታወቀ ነጋዴ ቢመስልም በስውር የኮንትሮባንድ ሻይ ያስገባ ነበር። በዚያን ጊዜ መንግሥት በሻይ ላይ የጣለው ቀረጥ እጅግ ከባድ ነበርና፥ ሻይ በሌሊት በጀልባ እያስገቡ መሸጥ ብዙ ትርፍ ያስገኝ ነበር። በቤቱ ግድግዳ ውስጥ ሻይ የሚፈስበት የተሰወረ መተላለፊያ እስከ ዛሬ ይታያል።

በ1784 መንግሥት የሻዩን ቀረጥ በጣም ቀነሰ። ከዚያ ወዲያ ሻይ በስውር ማስገባት አላዋጣም። የከተማው ሕዝብ እውነተኛ ኑሮ ግን ምንጊዜም ዓሣ ነበረ።

የዓሣ አጥማጆች ሥራ

የአይማውዝ ወንዶች ሁለት ዓይነት ዓሣ ያጠምዱ ነበር። በበጋ ሄሪንግ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ በመረብ ይይዙታል። ሄሪንግ በመንጋ የሚሄድ ዓሣ ነው። በሌሊት ወደ ውኃው ላይኛ ክፍል ይወጣል። አጥማጆቹም መረባቸውን እንደ መጋረጃ በባሕሩ ውስጥ ይዘረጉለታል። በክረምት ደግሞ ሃዶክ የሚባለውን ዓሣ በመንጠቆ ያጠምዳሉ። በአንድ ረጅም ገመድ ላይ ከአንድ ሺህ በላይ መንጠቆ ይታሰራል።

ታዲያ በአንድ ሺህ መንጠቆ ላይ ምግቡን የሚሰካው ማን ነው? ሚስትና ልጆች ናቸው። በሁለት ቅርፊት መካከል የሚኖር አንድ ትንሽ የባሕር ፍጥረት አለ። ሴቶቹ በብርድ ይህን ፍጥረት ከባሕር ዳር ይለቅማሉ። ቅርፊቱን በቢላዋ ከፍተው ሥጋውን በመንጠቆው ላይ አንድ በአንድ ይሰካሉ። ሥራው ሰዓታት ይፈጃል። በማግስቱም እንደገና ይጀመራል።

በአንዳንድ የስኮትላንድ መንደሮች ሴቶች ባሎቻቸውን በጀርባቸው አዝለው እስከ ጀልባው ያደርሷቸው ነበር። ሰውየው ገና ከመነሻው እግሩ ከረጠበ ቀኑን ሙሉ በብርድ ይሠቃያልና ነው። ዓሣው ከመጣ በኋላም ሴቶቹ በቅርጫት ተሸክመው እየዞሩ ይሸጡ ነበር።

ሄሪንግ ቶሎ ስለሚበላሽ ወዲያው ይሰነጠቃል፤ በጨው ታሽቶም በበርሜል ይታሸጋል። ይህንን የሚሠሩት ደግሞ ልጃገረዶች ነበሩ። ሦስት ሦስት ሆነው ይሠራሉ። ሁለቱ ሆድ ዕቃውን ያወጣሉ፤ አንዷ በበርሜል ትደረድራለች። ጎበዝ ሠራተኛ በአንድ ደቂቃ ከ30 በላይ ዓሣ ትሰነጥቅ ነበር። ቢላዋው እንዳይቆርጣቸው ጣቶቻቸውን በጨርቅ ይጠቀልላሉ። ሆኖም መቆረጡ አይቀርም፤ ጨውም በቁስሉ ይገባል። ዓሣው በባሕሩ ዳር ወደ ደቡብ ሲሄድ ልጃገረዶቹም በባቡር ይከተሉታል። ከስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ እስከ እንግሊዝ ምሥራቅ ዳርቻ ድረስ ይሄዱ ነበር። ያ በርሜል ወደ ጀርመንና ወደ ሩስያ ተጭኖ ሄዶ ይሸጥ ነበር።

እንግዲህ ጀልባ ላይ የሚታየው ወንዱ ነው። የጀልባው ሥራ ግን የመላው ቤተሰብ ሥራ ነበረ።

የዓሣው አሥራት

አሥራት ምን እንደሆነ ለገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል። የአይማውዝ ዓሣ አጥማጆችም አሥራት ነበረባቸው። ከያዙት ዓሣ ከአሥር አንዱን ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቄስ መክፈል ነበረባቸው። ይህ ልማድ ከጥንት ሲያያዝ የመጣ ነው። አጥማጆቹ ግን «ባሕሩን ማንም አላረሰውም፤ ማንም አልዘራበትም፤ ሕይወታችንን ሰጥተን ያመጣነውን ስለ ምን እናካፍላለን?» የሚል አቋም ነበራቸው።

ዊልያም ስፒርስ የሚባል አንድ አጥማጅ ሕዝቡን አስተባብሮ በዚህ አሥራት ላይ ተነሣ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ ብጥብጥም ተነሣበት። በመጨረሻ በ1864 ስምምነት ተደረገ። አሥራቱ ለዘለዓለም ይቀራል፤ አጥማጆቹ ግን በምትኩ 2,000 ፓውንድ ይከፍላሉ ተባለ። ፓውንድ የአገሩ ገንዘብ ነው። በዚያን ጊዜ 2,000 ፓውንድ ለድሆች አጥማጆች እጅግ ብዙ ገንዘብ ነበር።

አጥማጆቹ አሥራቱን ጣሉ። ዕዳው ግን በጫንቃቸው ላይ ቀረ። ወደቡን ለማስፋትና ለማጥለቅ የሚሆን ገንዘብ ማሰባሰብ ከበዳቸው። ወደቡ ጠባብና ጥልቀት የሌለው እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። ሆኖም ሥራው ሳይሠራ ዓመታት አለፉ። የዊልያም ስፒርስ ሐውልት ዛሬ በከተማይቱ መካከል ቆሞ ይታያል።

ጥቁሩ ዓርብ

ቀኑ ዓርብ ኦክቶበር 14 ቀን 1881 ነበር። በእኛ አቆጣጠር የ1874 ዓመተ ምሕረት የጥቅምት ወር መጀመሪያ መሆኑ ነው።

የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን አየሩ ክፉ ስለነበረ ጀልባዎቹ ከወደብ አልወጡም ነበር። ያልወጣ ጀልባ ዓሣ አያመጣም። ዓሣ ከሌለ ዳቦ የለም። በመንጠቆው ላይ የተሰካው ምግብም ይበላሻል። ዓርብ ጠዋት ሲነሡ ባሕሩ ጸጥ ብሏል፤ ሰማዩም ጠርቷል።

በወደቡ ዳር ግን ባሮሜትር የሚባል መሣሪያ ነበረ። ባሮሜትር የአየሩን ግፊት ይለካል። ግፊቱ በጣም ሲወርድ ብርቱ ነፋስ እንደሚመጣ ያመለክታል። ሮበርት ፊትዝሮይ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን እንዲህ ያለው መሣሪያ በዓሣ አጥማጆች ወደብ ሁሉ እንዲቆም ብዙ ደክሟል። ከ1861 ጀምሮም የማዕበል ማስጠንቀቂያ በቴሌግራፍ ወደ ወደቦች እንዲተላለፍ አድርጓል። በዚያ ዓርብ ጠዋት የአይማውዝ ባሮሜትር እጅግ ዝቅ ብሎ ነበር። አጥማጆቹም አይተውታል። ሆኖም ቤታቸው ባዶ ነው፤ ባሕሩም ጸጥ ብሏል። አንዱ ጀልባ ሲወጣ ሌላው ተከተለ።

እኩለ ቀን ሲሆን ነፋሱ በድንገት ቆመ። ሰማዩ ጠቆረ። ወዲያው ማዕበሉ ወረደ። ጀልባዎቹ የሸራ ጀልባዎች ነበሩ፤ ሞተር የላቸውም። አንዳንዶቹ እዚያው በባሕሩ መካከል ተገለበጡ። ሌሎቹ ወደ ቤታቸው ገሠገሡ። ወደ ቤት መድረስ ግን መዳን አልነበረም። የወደቡ መግቢያ ጠባብ ነው፤ በፊቱ ሁርካር አለ። ጀልባዎቹ ከድንጋዩ ጋር እየተላተሙ ተሰባበሩ። እናቶች፥ ሚስቶችና ልጆች በባሕሩ ዳር ቆመው ይህን በዓይናቸው አዩ። ሰዎቹ ቅርብ ነበሩ፤ ፊታቸው ይለያል። ነገር ግን ገመድ ቢወረወርላቸው አልደረሰም።

በዚያ ቀን በዚያ የባሕር ዳርቻ 189 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህ ውስጥ 129ኙ የአይማውዝ ሰዎች ነበሩ። 24ቱ በርንማውዝ ከምትባል ከጎረቤት መንደር ነበሩ። የቀሩት የሌሎች መንደሮች ሰዎች ነበሩ። ከአንድ ቤት አባትና ልጅ፥ ወንድምና ወንድም አብረው ሄዱ።

አሪኤል ጋዜል የምትባል አንዲት ጀልባ ግን ወደ ወደቡ አልመጣችም። ሰዎቿ የተጓዙት ወደ ባሕሩ መካከል ነው። ሞገዱን እየታገሉ ሁለት ቀን ቆዩ። ሞተዋል ተብሎ ተለቅሶላቸው ነበር። እሑድ ዕለት በሕይወት ተመለሱ። በዚያን ቀን የሚያድነው ወደ ቤት መሮጥ ሳይሆን ከቤት መራቅ ነበረ። ለሰው ልጅ ግን ይህን መምረጥ እንዴት ይከብዳል!

ከማዕበሉ በኋላ

የመርዶው ወሬ በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ሕዝብ ገንዘብ አዋጣ። ከ50,000 ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። ለመበለቶቹና አባት ለሌላቸው ልጆች በየሳምንቱ እየተቆረጠ ይሰጣቸው ነበር። በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ከሞት በኋላ የተሰበሰበው ገንዘብ ከሞት በፊት ወደቡን ለማስፋት ተሰብስቦ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው በዳነ ነበር?

በ1981 ጥፋቱ ከደረሰ መቶ ዓመት ሲሞላ የከተማይቱ 24 ሴቶች አንድ ትልቅ ጥልፍ ጠለፉ። ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። የጠፉት ጀልባዎች ታሪክ በክር ተሠርቶ ይታይበታል። በ2016 ደግሞ በባሕሩ ዳር የነሐስ ምስል ቆመ። የሠራችው ጂል ዋትሰን የተባለች ቀራጺ ናት። ምስሉ ወደ ባሕሩ የሚመለከቱ ሴቶችና ልጆች ነው። 78 መበለቶችና 182 ልጆች ናቸው። በዚያ ቀን በአይማውዝ ባልና አባት ያጡት በቁጥራቸው ልክ ተሠርተዋል። እያንዳንዱ ምስል ትንሽ ነው። ጎብኚው ጎንበስ ብሎ ሲያይ ግን አንዷ ሴት ሕፃኗን አቅፋለች፤ አንዱ ልጅ የእናቱን ቀሚስ ይዟል። በዓለም ላይ ለነገሥታትና ለጦር አዛዦች ብዙ ሐውልት ቆሟል። ባሏን በባሕሩ ዳር ቆማ ለጠበቀች ድሃ ሴት የቆመ ሐውልት ግን ጥቂት ነው።

አይማውዝ ዛሬ

ዛሬ የአይማውዝ ወደብ ሰፍቷል፤ ጠልቋልም። የሸራው ጀልባ ቀርቶ ባለ ሞተር ጀልባ መጥቷል። የአየር ጠባይ ወሬ በራዲዮና በሌላ መሣሪያ ከጀልባው ድረስ ይደርሳል። የነፍስ አድን ጀልባም ተዘጋጅቶ ይቆማል። ከሚሠሩበት ሰዎች አብዛኞቹ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ የከተማው ነዋሪዎች ናቸው።

የዓሣው ነገር ግን እንደ ድሮው አይደለም። ጀልባው ሲጠነክርና መረቡ ሲሰፋ ሄሪንግ ከመጠን በላይ ተጠመደ። ዓሣው ሊያልቅ ስለተቃረበ በ1977 በሰሜን ባሕር ሄሪንግ ማጥመድ ተከለከለ። ጥቂት ዓመታት ከቆየ በኋላ ዓሣው ሲያገግም እንደገና ተፈቀደ፤ መጠኑ ግን በሕግ ተወሰነ። ለዘር ያስቀመጠውን እህል የበላ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት ምን እንደሚዘራ አያውቅም። ባሕርም እንደዚሁ ነው።

ዛሬ ከአይማውዝ የሚወጡት ጀልባዎች ይበልጡን ሸርጣን፥ ሎብስተርና ፕራውን የሚባሉትን ቅርፊት ለባሾች ይይዛሉ። በከተማይቱ የሚመጣና የሚሄድ ጎብኚም ብዙ ነው። ከ1939 ጀምሮ በበጋ «የሄሪንግ ንግሥት» የሚባል በዓል ይከበራል። ከተማሪዎች መካከል የተመረጠች ልጃገረድ በጀልባ ታጅባ ወደ ወደቡ ትገባለች። ሕዝቡም በእልልታ ይቀበላታል።

ሌላም አዲስ ሥራ መጥቷል። ከባሕሩ ዳርቻ ርቀው 54 ታላላቅ የነፋስ መዘውሮች በባሕሩ ውስጥ ተተክለዋል። ነፋሱ ሲያዞራቸው ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። የእነዚህ መዘውሮች ጠጋኞች የሚነሡት ከአይማውዝ ወደብ ነው። ያን ዓርብ ወንዶቹን የጨረሰው ነፋስ ዛሬ የብዙ ሰው ቤት መብራት ያበራል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፥ የአይማውዝ አጥማጆች ምልክቱን ማንበብ ያውቁ ነበር። ባሮሜትሩን አይተዋል። ማወቅ ግን ብቻውን አላዳናቸውም። የራበው ሰው አደጋ እያየ ይሄዳል። ስለዚህ ዕውቀትና ኑሮ አብረው መሻሻል አለባቸው።

ሁለተኛ፥ የወደቡ ጉድለት የተደበቀ አልነበረም። ሁሉም የሚያየው ነገር ነበር። የሚታይ ጉድለት ዛሬ ነገ እየተባለ ሲቆይ አንድ ቀን ዋጋውን ያስከፍላል። ድልድዩ የላላ፥ ጉድጓዱ ያልተከደነ፥ ምንጩ ያልታጠረ መንደርም እንዲሁ ነው።

ሦስተኛ፥ የሕዝብ ሥራ በወንዱ ብቻ አይቆምም። መንጠቆውን የሰካችው፥ ዓሣውን የሰነጠቀችው፥ ከጥፋቱ በኋላም ልጆቹን ያሳደገችው ሴቷ ናት።

አዳዲስ ቃላት

ደሴት — ዙሪያውን በውኃ የተከበበ መሬት
ወደብ — ጀልባና መርከብ ከማዕበል ተጠልለው የሚቆሙበት ስፍራ
ማዕበል — በብርቱ ነፋስ የሚነሣ የባሕር ቁጣ
ባሮሜትር — የአየርን ግፊት የሚለካ መሣሪያ
ቀረጥ — መንግሥት በዕቃ ላይ የሚያስከፍለው ገንዘብ
መበለት — ባሏ የሞተባት ሴት
ቀራጺ — ምስልና ሐውልት የሚሠራ ሰው

ጥያቄዎች

1. አይማውዝ ማለት ምን ማለት ነው?
2. የድሮው የአይማውዝ ወደብ ጉድለት ምን ነበር?
3. ሴቶችና ልጃገረዶች በዓሣው ሥራ ምን ምን ይሠሩ ነበር?
4. አጥማጆቹ በ1864 ምን ተስማሙ? ስምምነቱስ ምን ዕዳ አስከተለባቸው?
5. አጥማጆቹ ባሮሜትሩ ዝቅ ማለቱን እያዩ ለምን ወጡ?
6. አሪኤል ጋዜል የተባለችው ጀልባ እንዴት ዳነች?
7. በ1977 ሄሪንግ ማጥመድ የተከለከለው ለምንድን ነው?

ተወያዩበት

በመንደራችሁ ሁሉም ሰው የሚያየው፥ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያልተሠራ ጉድለት አለ? ምንድን ነው? ለመሥራት ምን ያስፈልጋል? ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ አሳባችሁን በአምስት መስመር ጻፉ።